ለዳገቱ ቤት የተላከ ሣር

ናዝሬት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለቢኒያም ካሣ
ጣኢፍ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ

ልጄ ሆይ፣

አባትህ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ስለ ጤናህ ቀድሞ የሚጠይቅህ እሱ ነበር። እሱ ስለሌለ በእሱ ቦታ ሆኜ እጠይቅሃለሁ፤ አካልህ ደኅና ነውን? ሥራህስ ተቃንቶልሃልን? እኔ ከጆሮዬ በስተቀር ጤነኛ ነኝ። ጆሮዬ ግን ከክረምቱ ወዲህ ፈጽሞ ተዘግቷል። ስልክ ሲያቀርቡልኝ የምሰማው ከተራራው ጫፍ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ የሚያሰሙትን የመሰለ ጉምጉምታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ በጽሑፍ ካልሆነ በቀር የሚያገኘኝ ዘመድ አይኖርም። እኔ ጽፌ ለወይዘሮ ዘርፉ እሰጣታለሁ፤ እሷም ከፎቶ ኮፒ ቤቷ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልሃለች፤ አንተም በእጅህ ጽፈህ ፎቶውን ላክላት፣ አትማ ትሰጠኛለች።

የምጽፍልህ ስለ ልጄ ስለ ምንተስኖት ነው። በነሐሴ ወር በላከልኝ ደብዳቤ አንድ ፈቃድ ጠይቆኝ ነበር። የቤታችንን ጓሮ ዳገት አስደልድዬ ብቆየው፣ እናንተ በዚያ አገር በየተራራው ቤት የምታነጥፉትን ሰው ሠራሽ ሣር አምጥቶ፣ ለሠፈሩ ልጆች የኳስ ሜዳ በገዛ እጁ ሊያነጥፍበት አስቧል። እንደምታውቀው ለጨዋታ የማደላ ሰው አይደለሁም። በወንጂ ርእሰ መምህር በነበርኩበት ዘመን፣ ኳስ የነካ ተማሪ እጁን ሳይታጠብ ደብተር አይነካም ነበር። ይሁን እንጂ ፈቅጃለሁ።

የፈቀድኩበትን ምክንያት አንተ ታውቃለህ። ልጆች ሳላችሁ በዚህ ዳገት ላይ ስትጫወቱ፣ ያመለጠች ኳስ አስፋልቱን ሳትደርስ አትቆምም ነበር። ምንተስኖት ያደገው ሲጫወት ሳይሆን ኳስ ፍለጋ ሲወርድና ሲወጣ ነው። እናቱ ጽጌ፣ አፈሩ ይቅለላትና፣ «ይህ ልጅ ኳስ ተጫዋች ሳይሆን ኳስ አሳዳጅ ነው» ትለው ነበር።

ፈቃዴን በመስከረም መጀመሪያ ጽፌ ላክሁለት። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። አንተ አብረኸው የምትሠራና በዕድሜም የምትበልጠው ነህና፣ አባቱ ጽፎለት ዝም ማለት በዚህ ቤት ነውር መሆኑን አስታውሰው።

የቀደሙት አባቶች አምላክ ከተራራው አደጋ ይጠብቃችሁ።

አጎትህ አብተው ዘለቀ


ጣኢፍ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ አብተው ዘለቀ

ጋሼ፣ ጉልበትዎን ስሜ ልጀምር። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጆሮዎን ነገር ስሰማ አዘንኩ፤ ጽሑፍዎ ግን አሁንም እንደ ጥንቱ በመስመር ላይ የተሰለፈ ነው።

ምንተስኖት አሁን ከእኛ ጋር አይደለም ያለው። ራቅ ያለ ቦታ ነው፤ ስልክም አይሠራም። የሚጠይቁትን ሁሉ እኔ እመልስልዎታለሁ።

ስለ ሜዳው አሠራር ልንገርዎት። እዚህ የባለጸጎቹ የበጋ ቤት ከተራራው ጫፍ ላይ ነው፤ ደመናው ከእግራችን በታች ይውላል። መጀመሪያ ዳገቱ ይቆረጥና በታች በኩል የድጋፍ ግንብ ይገነባል። ከግንቡ ጀርባ ውሃ እንዳይቋጠር ቱቦ ይቀበራል። ከዚያ ጠጠር ይደለደላል፣ በላዩም ደቃቁ ይበተንና በማሽን ይጠቀጠቃል። ሣሩ የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሁለቱ ጥቅሎች በሚገናኙበት ላይ አንድ ሰው ጠርዙን አንሥቶ ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ማጣበቂያ ይቀባል። የያዘው ሰው እጅ ከተንቀጠቀጠ መጋጠሚያው ዕድሜ ልኩን ሲታይ ይኖራል። ጠርዝ በመያዝ እንደ ምንተስኖት ያለ ሰው አላየሁም። አሁን ኡበይደላ የሚባል የሱዳን ሰው ነው የሚይዝልኝ።

እዚህ ዝንጀሮ ብዙ ነው። ሥራ ጨርሰን ዞር ስንል መጥተው ጠርዙን ይገልጡታል፤ በመስመሩ ዳር ተደርድረው ተቀምጠውም ያዩናል። ምንተስኖት «ዳኞቹ ገቡ፣ ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ ክተት» ይለኝ ነበር።

ሣሩ በመንገድ ላይ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ምንተስኖት ፈቃድዎ እንደማይቀር ተማምኖ፣ ራሱ ለክቶ፣ ቆርጦና ጠቅልሎ፣ ጓዙን ወደ አገር ከሚልክ ሰው ዕቃ ጋር ጫነው። ስለዚህ መሬቱን ያስደልድሉ። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የድጋፍ ግንቡ ገና እርጥብ ሳለ ከሥሩ ማንም ሰው አይቁም። ዝናብ ባይኖርም፣ ዕቃ ለማንሣት ለአንድ አፍታም ቢሆን አይቁም። ጋሼ፣ ይህን አጥብቀው ይንገሯቸው።

የእመቤታችን ምልጃ ከቤትዎ አይራቅ።

የወንድምዎ ልጅ ቢኒያም


ናዝሬት፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቢኒያም ካሣ

ልጄ፣ መልስህ ደርሶኛል፤ ጤንነትህንም ከጽሑፍህ ተረድቻለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ቤቱም ደኅና ነው።

የዳገቱ ሥራ ተጀምሯል። የዕድራችን ሊቀ መንበር አቶ ገርባ ሠራተኞችን ከደራ በኩል አምጥቶልኛል። ገርባን ታስታውሰዋለህ፤ ቁም ነገር ከአፉ የሚወጣው ለለቅሶ ብቻ ነው። እኔ ስለማልሰማ የሚናገረውን በመዳፉ ላይ እየጻፈ ያሳየኛል፤ መዳፉ ሲሞላ በእስክርቢቶ ክንዱ ላይ ይቀጥላል። ትናንት የተቆፈረውን አይቶ «ጋሽ አብተው፣ በዚህ ዕድሜዎ አጥቂ ሊሆኑ ነው ወይስ በረኛ?» ብሎ ጻፈ። «አሠልጣኝ ነኝ፤ ሆድህን ቀንስና ተመዝገብ» አልኩት። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ሳቁ፤ እኔም ሲስቁ አየሁ።

አፈራችን እንደምታውቀው አመድ መሰል ነው፤ ሲቆፈር ይቦናል እንጂ አይቆረጥም። ስለዚህ ግንቡ በጥቁር ድንጋይ እንዲሠራ አድርጌያለሁ። ከሥሩ ማንም እንዳይቆም ያልኸውን ነግሬአቸዋለሁ፤ እኔም ራሴ ወንበር አውጥቼ እጠብቃለሁ። ይሁን እንጂ በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ግንቡ የጻፍከው፣ ስለ ሌላው ሥራ ሁሉ ከጻፍከው ይልቅ እጅህ ጠበቅ ብሎ የተጻፈ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ተማሪ በነበርህ ጊዜም ፊደልህ ወረቀቱን የሚበሳው ስትፈራ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ። ምንተስኖት ራቅ ያለ ቦታ ነው ብለሃል። ቦታው ስም የለውምን? አንተ ዘንድ ዝንጀሮ ሳይቀር በደብዳቤ ሲጠቀስ፣ ልጄ ያለበት አገር ስም ሊጠቀስ አይገባውምን? ብዙ አልጠይቅህም። በእጁ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ላክልኝ። ሰላምታም ባይሆን ግድ የለኝም፤ የሜዳውን ስፋትና ርዝመት ይጻፍልኝ። የልጄን የእጅ ጽሑፍ ከብዙ ሰው ጽሑፍ መካከል ለይቼ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ እጁን ይዤ ያስጻፍኩት።

የጾሙ ወራት ለሁላችን የበረከት ይሁን።

አጎትህ አብተው


ጣኢፍ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ጋሼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። በዓሉ ካለፈ በኋላ በመጻፌ ያፍሩብኝ ይሆናል።

የጠየቁኝን መስመር ልልክልዎ አልቻልኩም።

ሣሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል። ፍሬዘር የሚባል ሾፌር ቤትዎ ድረስ ያመጣልዎታል። ጥቅሎቹ ሲዘረጉ ሣሩ የተኛበት አቅጣጫ ሁሉም አንድ መሆን አለበት። አንዱ ብቻ ከዞረ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ከሌላ ሜዳ የመጣ ይመስላል። ከገጠሙት በኋላ ደቃቅ አሸዋ ይበተንበትና በመጥረጊያ ወደ ሥሩ ይገባል። አሸዋው ነው ሣሩን የሚያቆመው፤ ያለ አሸዋ ይተኛል፣ ይሞታልም እንላለን እኛ ሠራተኞቹ።

የደም ግፊት መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይወስዳሉ? ብቻዎን ማደርዎ አሳስቦኛል። እኅቴ መሰለች ከባቱ መጥታ ከእርስዎ ጋር ብትሰነብት ብዬ አስቤያለሁ። ለዓይኗ ሕክምና አዳማ መምጣቷ አይቀርም ነበርና፣ እባክዎ እምቢ አይበሏት።

ሌላ የምጽፈው ብዙ ነገር ነበረኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ጉልበትዎን የሚስመው
ቢኒያም


ናዝሬት፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቢኒያም

ሣሩ ደርሷል። ሾፌሩ ፍሬዘር ጥቅሎቹን ከጎረምሶች ጋር አውርዶ በግንቡ ዳር ደረደራቸው። ሻይ እንዲጠጣ ጋበዝኩት፤ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆመና በምልክት አልጠጣም አለኝ። ለእኔ ባርኔጣ የሚያወልቅ ሾፌር ካየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል።

በየጥቅሉ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ አለ። ጽሑፉ የምንተስኖት ነው። በአንደኛው ላይ «ከቤቱ በኩል»፣ በሌላው ላይ «ከግንቡ በኩል» ይላል። በመጨረሻው ጥቅል ላይ «አባዬ የሚቀመጡበት በኩል» የሚል ተጽፏል። የእኔ ቦታ ባደረገው ጥግ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩበት። ከሰዓት በኋላ የቤቱ ጥላ ከዚያ ይደርሳል። አስቦበት ነው።

እንግዲህ የጠየቅኩህ የእጅ ጽሑፍ ደርሶኛል ማለት ነው። ቀለሙ ግን የነሐሴ ነው።

መሰለች ከመጣች ሰንብታለች። ዓይኗን ልትታከም መጣች ብለሃል፤ ሐኪም ዘንድ ግን አልሄደችም። ገበታ ስታቀርብልኝ ዓይኗ ሳህኑ ላይ ነው። እኔም አልጠይቃትም። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆነን የምንሰማው የአንድ ሰው ያህል ነው።

ሌላም የታዘብኩት አለ። ወይዘሮ ዘርፉ ደብዳቤህን ስታትምልኝ ዋጋዋን አልቀበልም አለች፤ ቀድሞ ለአንድ ገጽ መልስ ስትቆጥር ከእኔ ጋር የምትከራከር ሴት ናት። በታችኛው መንገድ ያሉት የባጃጅ ልጆች እኔ ሳልፍ ከወንበራቸው ይነሣሉ። የጥምቀት ዕለት ከቤቴ ደጃፍ ሲደርሱ ከበሮውን ዝቅ እንዳደረጉት አይቻለሁ፤ ባልሰማም የከበሮ መቺው እጅ ሲዝል ይታየኛል። ገርባም እንደ ወትሮው ይመጣል፤ ነገር ግን መዳፉ ላይ ምንም አይጽፍም። ባለፈው እሑድ ከግንቡ እስከ ቤቱ በርምጃ እየለካ ሲሄድ አየሁትና «ምን ትለካለህ?» አልኩት። «እንዲሁ ነው» እንደማለት እጁን አወናጨፈ። ገርባ ምን እንደሚለካ ዐውቃለሁ።

ጠጠሩ ተጠቅጥቋል፤ ውሃ ልኩም ተስተካክሏል። ሣሩ ግን እንዳይነጠፍ አዝዣለሁ። መሬቱ ላይ አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ አለ።

ስለ ምንተስኖት በዚህ ደብዳቤ አልጠይቅህም።

አብተው ዘለቀ


ጣኢፍ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የማይጠይቁኝ መሆኑ ከመጠየቅዎ በላይ ከበደኝ።

ሣሩን ለምን አላስነጠፉም? ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት እጥፋቱ አይለቅም። ቢያንስ ሸራ ይልበስ። የሚቀር የመሬት ሥራ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ምን እንደሆነ ቢነግሩኝ ከዚህ ሆኜ እመክራለሁ።

እዚህ ስንጠብቀው የነበረውና ጉዞዬን ያዘገየው ወረቀት ሁሉ አልቋል። ከመጋቢት አጋማሽ በፊት አዳማ እገባለሁ፤ የምመጣበትን ቀን ለገርባ እነግረዋለሁ። ጋሼ፣ በደብዳቤ የማይጻፍ ነገር እንዳለ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ስለዚህ አልጻፍኩም። ስለ ራቅ ያለው ቦታ የጻፍኩት ግን የራሴ ቃል ነው፤ ሲያዩኝ ይቀጡኛል።

ቢኒያም


ናዝሬት፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለቢኒያም ካሣ

ልጄ፣ መንገድህ የቀና ይሁን።

ስለ ራቅ ያለው ቦታ የጻፍከውን አልቀየምህም፤ አልቀጣህምም። ለአባት መርዶ በወረቀት አይላክም። ደብዳቤ ማንም በማይኖርበት ሰዓት ይከፈታል፤ የሚይዘው ሰው ሳይኖር ሰው ይወድቃል። ሕጉን ጠብቀሃል፤ ስለ ግንቡ ስትጽፍ እጅህ የጠበቀበትንም ምክንያት ገምቻለሁ። እኔም የጠበቅኩልህ ስለዚህ ነው።

በወንጂ ሳለሁ ከፋብሪካውም ሆነ ከአገዳው እርሻ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሰዎች እኔን ከፊት ያስቀድሙኝ ነበር፤ ድምፄ አይሰበርም ይሉ ነበር። ስለዚህ አሠራሩን ዐውቀዋለሁ። ዘመድ ቀደም ብሎ ከቤተሰቡ ጋር እንዲያድር ይደረጋል፤ መሰለች መጥታለች። የዕድሩ ሹም ድንኳን የሚቆምበትን ቦታ አስቀድሞ ያያል፤ ገርባ ለክቷል። ጎረቤት በሰውዬው ፊት መሳቅ ያቆማል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጎሕ ሲቀድ የሚንኳኳ በር ብቻ ነው። የእኔ በር ግን ቢንኳኳ አልሰማምና፣ በዚያ ሳምንት ሳልቆልፈው አድራለሁ።

በገርባ ቤት ተሰብሰቡና ኑ። ሴቶቹ ወደ ኋላ ይሁኑ። ውኃ ይዘጋጅ፤ መሰለች መድኃኒቴ ያለበትን ታውቃለች። ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ አገኛችኋለሁ፤ በሌሊት ልብስ መርዶ የተቀበለ ሰው በዚህ ቤት የለም።

አንድ ነገር አጥብቄ አዝዝሃለሁ። ጆሮው አይሰማም ብላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ እንዳትሰጡኝ። ገርባም በመዳፉ ላይ እንዳይጽፈው። ሌላው ሰው ዝም ይበልና አንተ ፊት ለፊቴ ቁመህ በአፍህ ተናገረው። ከንፈርህን አያለሁ። ስሙን ስትጠራ ዐውቀዋለሁ።

እስከዚያ ድረስ አላለቅስም። ያልተረዳ ሰው አያለቅስም። ጠዋት ተነሥቼ እጸልያለሁ፤ ለሕያዋን ወይስ ላረፉት ብዬ ስሙን እንደማነሣ ስላልተነገረኝ፣ ስሙን ዘልዬ አሜን እላለሁ። ምግብ እበላለሁ፤ ጨውና በርበሬ እንዳለው መሰለችን በምልክት እጠይቃታለሁ፤ አለው ትለኛለች።

ሣሩን ለምን አላስነጠፉም ብለህ ጠይቀኸኛል። በደረሰ ማግስት ላስነጥፈው እችል ነበር። ነገር ግን ይህ ዳገት ነው፤ ጽጌ ስታርፍ ድንኳኑ የቆመው አዘንብሎ እንደነበር፣ ሰውም ሦስቱን ቀን ወደ ታች እየተንሸራተተ እንደተቀመጠ ታስታውሳለህ። አሁን ሜዳ አለን። ሁለት ድንኳን ጎን ለጎን ይቆምበታል። ድንኳን ደግሞ ካስማ ይፈልጋል። ካስማ የልጄን ሣር እንዲቀደው አልፈቀድኩም። መሬቱ ላይ አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ ያልኩህ ይህ ነበር። ሸራውን አልብሼዋለሁ።

ከመርዶው አርባ ቀን በኋላ ካስማዎቹ ይነቀላሉ፤ ቀዳዳዎቹን በጠጠር እንደፍናቸዋለን። ያን ጊዜ ጥቅሎቹን አንተ ትዘረጋቸዋለህ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁኑ። ማጣበቂያውንም አንተ ትቀባለህ። ጠርዙን የሚይዝልህ ሰው ከመንገድ አትፈልግ፤ እኔ እይዝልሃለሁ። እጄ የማይንቀጠቀጥ መሆኑን ከዚህ ጽሑፍ ተመልከት።

አጎትህ
አብተው ዘለቀ